ጆሮው የተቀደደው ቦራ

ሽርቺን ዕድሜውን የፈጀው የለጋሾችን ፍየል ለጎቢ በረሃ አርብቶ አደሮች በማደልና እነሱን በማሰልጠን ነው። ፍየሎቹ በክረምቱ ውርጭ ያልቃሉ፤ ስልጠናው ግን አያልቅም። የሰው መከራ ለሪፖርት ብቻ መዋሉ ቢቆጨው ጊዜ፣ አጫጭር ልቦለድ መጻፍ ጀመረ። ድንኳን ይገባል፣ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ፉት ይላል፣ ያለቅሳል፣ ወጥቶ ይጽፋል። አዛኝ ቅቤ አንጓች!

አንድ ቀን ሃንዳ የምትባል ሴት፣ ባሏ ጋልሳን እንዴት እንደሚቀጠቅጣትና በጸደይ ጥላው ልትጠፋ እንዳሰበች አጫወተችው።

"እንዳትተነፍስ፣ ወንድም ዓለም። ከሰማ ይገድለኛል።"

"እኔ? ከአፌ አይወጣም!"

ከአፉስ አልወጣም፤ በብዕሩ ወጣ። ለጋዜጣ በላከው ልቦለድ ሃንዳን አቀጠናት፣ ጋልሳንን መላጣ አደረገው፣ ስማቸውንም ወንዛቸውንም ቀየረ። የጋልሳንን ፈረስ ግን እንዳለ ተወው። ግንባሩ ነጭ፣ ጆሮው የተቀደደ ቦራ እያለ ጥቁር ነው ብሎ መጻፍ? ሰው ላይ ይዋሻል፤ ፈረስ ላይማ እንዴት ተደርጎ! እዚያ አገር ደግሞ ከኮረብታ ማዶ "እገሌ መጣ" የሚባለው ፈረሱ ታይቶ ነው።

ጋዜጣው በደረሰ ማግስት ሽርቺን ስለ ሴቶች ጥቃት ስልጠና ላይ ሲደሰኩር፣ ጋልሳን በሩን በእርግጫ በርግዶ ገባ። አለንጋው ደም ነክቶታል።

"አንተ ደራሲ! እኔ ነኝ መላጣ?" በአለንጋው እጀታ አፉን አለው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"ጋልሳን ወንድሜ፣ ፈጠራ እኮ ነው!"

"ቦራዬንም ፈጠርከው?" ጣቶቹን በጫማው ጨፈለቃቸው፤ አጥንቱ እንደ ጭራሮ ተንቋቋ። ሰልጣኞቹ? አበል ሳይቀበሉ ማን ይወጣል! ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ።

"ሃንዳስ?" አለ ሽርቺን ደም እየተፋ።

"ጎድኗን ሰብሬ አምጥቻታለሁ፤ ውጭ ናት። አንተን ልጨርስና እሷን። ከዚያ ጻፈው!"

ሽርቺን በተከፈተው በር አያት፤ ፊቷ አብጦ፣ ጎኗን ይዛ፣ ቦራው ላይ እየወጣች ነው። ኮቴ ሲሰማ ጋልሳን ዞረ። ያኔ ሽርቺን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚበጅ ነገር ሠራ፤ የጋልሳንን እግር ጥምጥም ብሎ ይዞ በቀሩት ጥርሶቹ ነከሰው።

"ልቀቅ፣ አንተ ውሻ!"

አለንጋው ጀርባው ላይ ወረደ፣ አናቱን ተረተረው፤ አልለቀቀም። የለቀቀው ኮቴው ከኮረብታው ጀርባ ሲጠፋ፣ እሱም ራሱን ሲስት ነው።

ጋልሳን ዛሬም እረኛ ባየ ቁጥር "ቦራ የጋለበች ሴት አላያችሁም?" ይላል።

"ሴትስ አይተን ነበር" ይሉታል እረኞቹ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። "ፈረሷ ግን ጥቁር ነው።"