ቲማቲም የጫነው ኬክ

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል የጭነት መኪና ኬክ ፈለገች። አሻንጉሊት አይደለም፣ ልዕልት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ቲማቲም ጭኖ አትክልት ተራ የሚገባውን መኪና። ትምህርት ቤት ሳደርሳት አንገቷን ጠምዝዛ እያየችው ነው የምትሄደው። እሺ አልኳት። ወዲያው ሌላ ጥያቄ አመጣች።

«ሰውስ ይመጣል?»

የከበደኝ ይኼኛው ነው። የባለፈው ዓመት ልደቷ ላይ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሻማውን ለኩሼ፣ ዘፍኜ፣ አጨብጭቤ፣ ፎቶውንም እኔው አነሳሁ። ፎቶው ላይ ዓይኗ እኔን አያይም፤ በሩን ነው የሚያየው።

እናቴ ከሞተች በኋላ ነው መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ያለው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን የገባነው። በር ለበር የተፋጠጠ ግቢ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። እኔን «የዱባይ ተራዋ» ይሉኛል፣ እዚያ ልብስ ሱቅ ተቀጥሬ ስለምሠራ። ጠዋት ወጥቼ ሲመሽ እገባለሁ። ሰው አልቀርብም፤ ሲቀርቡኝም አፌ ያባርራቸዋል። የልጅሽ አባት የት ነው ላለኝ ሁሉ «አልሞተም፣ የለም» ነው መልሴ። ከዚያ በኋላ ወሬ አይቀጥልም።

ስለዚህ ኬኩ ሰው እንዲያመጣልኝ ፈለግሁ። እውነቱ ይኼ ነው።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። የግቢያችን ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ግማሹ ክርስቲያን። እኔ ራሴ አልጾምም፣ አልዋሽም፤ ግን ለሰው አሰብኩ። ምድጃ ስለሌለኝ ኬኩን ከኬክ ቤት አዘዝኩ፤ ምንም ያልተቀባ፣ እንቁላልም ቅቤም የሌለበት የጾም ኬክ። ሰዓቱን ደግሞ አፍጥረው እንዲመጡ ከመግሪብ በኋላ አደረግሁት። ለሁሉም ነገርኩ። ሁሉም «እንመጣለን» አሉ፣ ሰው እንደሚለው።

ልብሱን ግን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ፎንዳንት ይሉታል፤ እንደ ሊጥ ታሽቶ፣ ተዳምጦ፣ ኬኩ ላይ እንደ ጨርቅ የሚለብስ ስኳር ነው። ስልኬ ላይ እያየሁ ተማርኩት። ተፈጭቶ የላመ ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ትንሽ ዘይት፣ እንዲለጠጥ ደግሞ ጄላቲን። መዳመጫ አልነበረኝም። አጠገቤ ካሉት ጎረቤቴ ተዋስኩ፤ እትዬ ነው የምላቸው፣ ቤታቸው ልጅ የሞላበት ሙስሊም ሴት ናቸው። «ለሳምቡሳዬ ሳልፈልገው መልሺ» ብለው ሰጡኝ። እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ከሰው ዕቃ ስዋስ የመጀመሪያዬ ነበር። ይዤው ስገባ ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ።

ከሥራ አስፈቅጄ ዋልኩ። ቆርቆሮው ከላይ ሲግል ስኳሩ ያልበዋል፤ እጄ ላይ ይጣበቃል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ይቀደዳል። ሁለት ጊዜ አንስቼ እንደገና አሸሁት። በሦስተኛው ኬኩን ማርመላታ ቀብቼ አለበስኩት፣ በመዳፌ አለሰለስኩት፣ ተያዘልኝ። ሰማያዊ መኪና ሆነ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ቀይ ከቀባሁት ስኳር ቲማቲም ታድበለብላለች። አንዱን በአውራ ጣቷ ደፈጠጠችው።

«ምነው?» አልኳት።

«የበሰበሰ ነው። ከሥር ነው የሚደረገው።»

የአትክልት ተራ ልጅ። ብቻዬን እስክደክም ሳቅሁ።

እትዬ መዳመጫቸውን ሊወስዱ የመጡት ያኔ ነው። መኪናውን ሲያዩ «ማሻአላህ» ብለው ቁጢጥ አሉ። ስኳር እንዴት እንዲህ ይለጠጣል ብለው ጠየቁኝ። ሰው ቤቴ ገብቶ ቁጭ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅማ፣ ደስ አለኝ፤ እንደ አስተማሪ ጀመርኩ። ጄላቲን የሚባል ነገር ነው አልኳቸው፣ ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ፣ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኔም ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

«የምን ከብት?» አሉኝ።

ጄላቲኑ የተሰጠኝ ከትልቅ ጆንያ ተዝቆ፣ ተመዝኖ፣ በፌስታል ታስሮ ነው። መርካቶ ውስጥ ማን ማሸጊያ ያነብባል? ፌስታሉን አንስቼ አገላበጥኩት፣ የተጻፈበት ይመስል።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መዳመጫውን ጠርጌ ስዘረጋላቸው እጃቸው አልመጣም። «አንቺ ጋ ይቆይ ልጄ፣ እኔ ሌላ አላጣም» ብለው ወጡ።

ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሁለተኛው ነገር ገባኝ። አጥንት ለክርስቲያኑም ጾም አይደለም። እንቁላልና ቅቤ ላስወጣ ብዬ አጥንት አስገባሁ። አንድም ሰው እንዳይቀርበት ብዬ የሠራሁትን ኬክ ማንም እንዳይበላው አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ልቅፈፈው ብዬ በቢላ ጫፉን አነሳሁት፤ ማርመላታው ይዞታል፣ ኬኩ አብሮ ይነሳል። ልጄ እጄን እያየች ነው። ተውኩት። ፊት ለፊታችን ወዳለችው ሽንኩርት ቸርቻሪ ሄጄ ነገርኳት፤ እሷ በጾም ቀልድ አታውቅም። እስኪያነባት ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ፣ ስኳር ነው ብለሽ ዝም ብትይ ማን ይመረምርሽ ነበር?»

ትንሹ ልጇ ሰባት ዓመት ስላልሞላው ይብላ፣ ትልልቆቹ ግን አይሆንላቸውም አለችኝ። ግማሹ እየበላ ግማሹ ምራቁን የሚውጥበት ልደት አልፈልግም አልኳት። አይቆረስም። ይኼን ስል ተቆጥቼ ነበር፤ በሷ አይደለም።

ለልጄም ኬኩ እንደማይቆረስ ነገርኳት። ምንም አልመሰላትም።

«ሰውስ?» አለች።

«አላውቅም።»

የመግሪብ አዛን ተሰማ። በሩን ከፍቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን፣ እሷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ። የየቤቱ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ሰው ሁሉ በየቤቱ ነው። ልጄ እግሯን ታወዛውዛለች፣ እኔ አላያትም። በሩን ልዝጋው ወይስ ልተወው እያልኩ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ።

ከዚያ የእትዬ ልጆች መጡ፤ ትልቋ የምስር ሳምቡሳና ተምር ይዛለች። የሽንኩርቷ ልጆች ፈንድሻ ይዘው ተከተሉ። ሌሎቹም መጡ። ሻማው ጠፋ፣ ተዘፈነ፣ ሁሉም መኪናውን ከበበ። አንዱ ይነዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጄ አልጋው ላይ ወጥታ «ቲማቲም! ቲማቲም በኪሎ!» ብላ መጮህ ጀመረች። ይከራከራሉ፣ ያራግፋሉ፣ መልሰው ይጭናሉ፣ «ይኼ በስብሷል» ይባባላሉ። ማንም ልብላ አላለም። እናቶቹ ደፍ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ግቡ አልኳቸው፤ ኧረ ችግር የለም፣ እዚሁ ይበቃናል አሉ።

ሲበቃቸው እትዬ የልጄን እጅ ያዙ። ቤት ሥጋ ያልገባበት ሾርባ አለ፣ ልጆቹ ሁሉ እኛ ጋ ይምጡ አሉ። ልጄ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ሁሉም ተከትለው ሲወጡ እትዬ በር ላይ ቆም አሉ።

«አንቺም ነይ።»

እሺ፣ መጣሁ አልኳቸው።

በእኔና በእሳቸው መሃል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። ማንኪያ ይሰማል። ልጄ ስትስቅ ይሰማል፤ እኔ ጋ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ጫማዬን አደረግሁ። ምን ብዬ ነው የምገባው? የት ነው የምቀመጠው? ጫማዬን አወለቅሁ። ደግሞ አደረግሁት። ከመኪናው ፊት ተቀምጬ አንዱን ጎማ ነቀልኩና አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጥርስ እስኪያም ይጣፍጣል።

ግድግዳው ተንኳኳ።

«የት ቀረሽ አንቺ?»

«መጣሁ» አልኩ፣ አፌ እንደሞላ።