በእኔ ደረት የተለካው የግርማ ልብ

የንስሐ አባቴ ስለ እኔ ብዙ ያውቃሉ። የቻይናውን ጫማ የጣሊያን ነው ብዬ መሸጤን ያውቃሉ። በጾም ሥጋ ቤት መታየቴንም ያውቃሉ። ይህችን ግን አያውቁም፤ ሚስቴም አታውቅም፤ ከአፌ ወጥታ አታውቅማ። ትንንሹን ኃጢአት ከላይ ደርድሬ ትልቁን ከሥር እቀብር ነበር፣ ቲማቲም ሻጭ የበሰበሰውን ከሳጥኑ ሥር እንደሚያደርገው። ነጋዴ አይደለሁ?

ሰበታ ላይ ሳልቫጅ ጫማና የስፖርት ዕቃ እሸጣለሁ። ግርማ ወዳጄ ነበር። ቡራዩ አስፋልት ዳር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ደንበኛ የሚቀበል ሰው። አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ፈቃድ አውጥቶ አርሲ ተራራ ላይ ድኩላ ላድን ነው ብሎ ተነሣ። መሪያቸው ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ፣ የሱሉልታ ሰው፣ አዳኝ ተራራ ሲያወጡ ያረጁ። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የልብ ምቱን ሳያዩ ማንንም ይዘው አይወጡም። ደረት ላይ የሚታሰር መለኪያ አለ፤ የለካውን ወደ ስልክ ይልካል፤ ግርማ ደግሞ በቴሌግራም ለእሳቸው ይልካል።

«ሱታ፣ ሱታ» ይሉ ነበር፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ብዙውን ቀን እያወራህ ውጣ። ወሬህ ከተቆረጠ ፈጥነሃል። ልብህን የምታስጮኻት በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ቁምና እያት። ቶሎ ከበረደች ለተራራው ደርሳለች። እምቢ ካለች ቤትህ ተቀመጥ፤ ድኩላው አይቀየምህም።»

መለኪያውን ለግርማ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ጥቂት ቀን ሞከረና አንገሸገሸው። የእሱ ልብ ትንሽ ዳገት ስታይ ትጮሃለች፤ ዝም ትበል ከተባለ መቆም ብቻ ነበር የቀረው። የሰፈር ጎረምሶች «ጋሼ፣ እንግፋዎት እንዴ?» ይሉታል።

«እንደ ቀብር ሸኚ ስጎተት አገር ሊስቅብኝ ነው?» አለኝ አንድ ቀን። «አንተ በየማለዳው የፉሪን ዳገት ትወጣ የለ? መለኪያውን አንተ እሰርልኝ። እኔም ከሱቄ በረንዳ ግማሹን እለቅልሃለሁ።»

አስፋልት ዳር፣ ቡራዩ፣ በረንዳ! ሰበታ ጉራንጉር ውስጥ ጫማ ለሚያራግፍ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አሰርኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ በጄ አሰርኩት።

ከቤቴ ወጥቼ ዳገቱን ስወጣ ግርማ ተኝቷል። የለካውን ከስልኬ እልክለታለሁ፤ እሱ የራሱ አስመስሎ ለኦቦ ቶሎሳ ያስተላልፋል። እኔ ብቻዬን እያወራሁ ወጣሁ፣ ወሬዬ እንዳይቆረጥ። በሳምንት አንዴ ሮጥኩ፣ ቆምኩ፣ ልቤ ስትበርድ አየሁ። የኦቦ ቶሎሳ ምክር እውነት ነው፤ ሱሪዬ ሰፋኝ፣ እንቅልፌ ጣፈጠ። ሊሞት የተዘጋጀው እሱ፣ ጤና የገዛሁት እኔ። አንድ ቀን ሽማግሌው በድምፅ መልእክት ላኩ፦ «ግርማ፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! ልብህ የጎረምሳ ሆነች።» ግርማ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ከፈተልኝና ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

አላወቅሁም ነበር ልበል? ማን ያምነኛል? ግርማ የመጋዘኑን ደረጃ ሲወጣ አይቼዋለሁ። መሐል ላይ ቆሞ ብረቱን ጨበጠ፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። «የነጋዴ ሆድ ነው» ብዬ ቀለድኩ። ቀልዱ የመጣልኝ ወዲያው ነው። እውነቱም አብሮ መጥቶልኝ ነበር፤ ቀልዱን መረጥኩ።

ከዚህ የባሰም አለ። ሊሄዱ ሲሉ ግርማ ፈራ። «ኦቦ ቶሎሳ ተራራው ላይ መለኪያውን እሰር ቢሉኝስ?» አለ። ያኔ እንኳ «ይቅርብህ» ብለው ምን ነበረበት? አላልኩም። ብልጥ ነኝ፤ መላ አላጣም። «እቤት ጥለኸው ሂድ፣ ባትሪው ሞተ በላቸው» አልኩት። ያንን ሰው ሊያድን የሚችለውን አንድ ነገር ከደረቱ ላይ ያስወለቅሁት እኔ ነኝ።

የሆነውን አብረውት የወጡት ነገሩኝ። ግርማ ወደኋላ ቀረ፣ ልረፍ አለ። ኦቦ ቶሎሳ ፊቱን አይተው አመነቱ። ከዚያ «ልብህን አውቃታለሁ፣ አትሰንፍ፣ ትችላለህ» ብለው አበረቱት። የሚያውቁት የእኔን ልብ ነበር። ግርማ በሰው ፊት አልቻልኩም ማለት አፈረና ወጣ። ጫፉ ሳይደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሣም።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ቡራዩ ግርማ ግቢ ተቀመጡ። ቤተሰቡ «እንደ አህያ ነድቶ ገደለው» ብሎ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ዓይኔ ይህ ሰው አልቻለም አለኝ» አሉ። «ሲላክልኝ የነበረው ደግሞ ይችላል አለኝ። ዓይኔን ጥዬ እሱን አመንኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወዳጁ ነህ። ልምምዱን በትክክል ሠርቶ ነበር?»

ሁሉም አየኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። «አንድ ቀን አላጎደለም» አልኩ።

ተፈረደባቸው። በግ ነድተው መጡ፣ የግርማን ልጆች ጉልበት ስመው ይቅርታ ለመኑ፣ ከእንግዲህ ሰው ይዘው ተራራ እንዳይወጡ ቃል ገቡ። ሌላ ሙያ የሌላቸው ሰው ናቸው። በጉ ታረደ፤ ለእኔ ጎድን ደረሰኝ። በላሁ። ጣፍጦኝም ነበር፤ ይህንንም ልናዘዘው።

የግርማ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ደግሞ አስጠራችኝ። «በየማለዳው ከጎኑ ነበርክ አሉ። የሰጠህን ቃል አላጥፍም» ብላ የበረንዳውን ግማሽ ለቀቀችልኝ። ዛሬም እዚያ እሸጣለሁ። ገበያው ጥሩ ነው።

ባለፈው ለሯጮች ጫማ ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ላልፋቸው ስል ጠሩኝ። ከስተዋል። ቤተሰባቸውን ጠየቅሁ፣ ቤተሰቤን ጠየቁኝ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ የግርማ ቤተሰብ ይቅር ብሎኛል። አንተ ግን ወዳጁ ነበርክ፤ ካንተ አፍ አልሰማሁም» አሉ።

በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ማንም በአጠገባችን አልነበረም። ልነግራቸው እችል ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ቀና አደረግኋቸውና «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ኦቦ» አልኳቸው።

አለቀሱ። እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ልጆቼን፣ ንግዴን፣ ዕድሜዬን መረቁ። እኔም አሜን አልኩ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ድህነት ነው፣ ወዳጅነት ነው፣ ግርማ ራሱ የለመነኝ ነው እያልኩም አላደክምህም። ኦቦ ቶሎሳ በሕይወት አሉ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ታክሲውም እስከ ደጃፋቸው ይደርሳል። እስከ አሁን አልሄድኩም።