የሉቬኒያ ፊት

የባሌ እህት አርዜላ እዚሁ ሜሪዲያን ከተማ የተማሪ ሰርቪስ ትነዳለች። ከሥራ ስትመለስ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች ብርድ ልብስ ትሰፋለች። የእሷ ብርድ ልብስ ግን ለአልጋ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሰው መልክ ነው። ፀጉር ቆራጩን፣ የመዘምራኑን መሪ፣ ጎረቤቶቿን፣ የጥቁሮች ሰፈራችንን ሰው ሁሉ በጨርቅ ሠርታለች።

አክስቷ ክሎቲል አይወዷትም። እሳቸው ቀይ ናቸው፣ አርዜላ ደግሞ እንደ አያቷ ጥቁር። ልጅ ሳለች ዘመድ በተሰበሰበበት «ከፀሐዩ ወደ ቤት ግቢ፣ ከዚህ በላይ ከጠቆርሽ ሲመሽ በምን እናገኝሻለን?» እያሉ ያስቁባት እንደነበር ባሌ ነግሮኛል።

ለዘንድሮው የቤተሰብ ግብዣ አርዜላ የአያቷን የሉቬኒያን መልክ ሰፋች። ሉቬኒያ የክሎቲል እናት ነበሩ። ቀሚሱን ከራሳቸው ከሉቬኒያ አሮጌ ቀሚሶች ቆረጠችው። ፊቱን ከጥቁር ሰማያዊ፣ ከወይን ጠጅና ከጥቁር ቡናማ ጨርቅ ገጣጠመችው። ክሎቲል አርዜላ ቤት ሊያዩት ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

«እናትዎ ናቸው፣ አክስቴ።»

«እናቴ ጠይም ነበረች። እዚህ ድሪቶ ላይ የለጠፍሽው ራስሽን ነው።»

«ፎቶአቸው ግድግዳው ላይ አለ። ይዩት።»

«ፎቶው ጥላ ውስጥ የተነሣ ነው» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ብርድ ልብሱ ከግብዣው ቀደም ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተወሰደ። የአዳራሹ ቁልፍ ክሎቲል ዘንድ ነው። ማንም ምንም አልጠረጠረም።

በግብዣው ዕለት አሳው ተጠብሶ፣ ጸሎት ተደርሶ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ሉቬኒያ የማር መልክ ይዘው ወጡ። በፊታቸው ላይ ሌላ ፊት ተሰፍቶበታል። አንዳንዱ አጨበጨበ። አርዜላ ሄዳ ብርድ ልብሱን አወረደች፤ ሳህኖቹን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና በትንሽ መቀስ ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

«ተቀመጪ» አሉ ክሎቲል። «አሁን ነው እናቴን የመሰለችው።»

«ማን ሰፋው?»

«የሚችል ሰው።»

«ይኼን የሰፋ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ መትከልም አይችልም።»

«ልጆቹ አያታቸውን እንደ ጥላሸት ጠቁራ አይተው እንዲደነግጡ ነው የፈለግሽው?»

አርዜላ ቀና ሳትል «ልጆቹ የሚፈሩት አንቺን ነው» አለቻቸው።

እሳቸውን አንቺ ያለ ሰው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ክሎቲል የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዘው ጎተቱ፤ አርዜላም አልለቀቀችም። ባሌ ሊገላግል ሲነሣ ብርድ ልብሱ ከሉቬኒያ ትከሻ እስከ እጅጌያቸው ተቀደደ።

«አየሽ? ስፌትሽ ይኼው ነው» አሉ ክሎቲል፤ ልጆቻቸውን ጠርተው ወጡ። ግማሹ ዘመድ ተከተላቸው። አርዜላ የማሩን ፊት ተርትራ ጨረሰችና ክሎቲል የተዉት ሳህን ውስጥ፣ ከአሳው አጥንት ጋር ጣለችው።

እቤቷ ወስዳ ትከሻውን ጠገነች። የባዕድ መርፌ የበሳሳው ጉንጭ ግን እንደተበሳሳ ቀረ፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። አሁን ሉቬኒያ በረንዳዋ ላይ ተሰቅለው መንገዱን ያያሉ። ክሎቲል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በዚያ መንገድ ነበር። አሁን ልጃቸው በባቡር ጣቢያው በኩል ዞሮ ያደርሳቸዋል።

ባሌ ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ነበር። አርዜላ ከማሽኑ ሳትነሣ መለሰችለት፦

«ስትሞት የሷንም እሰፋለሁ በላት። ቀይ አድርጌ፣ ልክ እንደሆነችው። እኔ የሰው ፊት አልቀይርም።»

ደውሎ ነገራቸው። ክሎቲል «እጇ እንዳይነካኝ» ብለው ስልኩን ዘጉበት።