በጉም ውስጥ የተጠራሁበት ቃል

እናቴ ጎረቤታችንን መጠርጠር የጀመረችው ቢላ ሲስል ያየችው ዕለት ነው። እንሰት የሚቆርጥ ገበሬ ቢላ ካልሳለ ምን ሊስል ነው? ግን ያን ሰሞን ሶዶ ውስጥ ከእኛ ወገን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጦሩ ማይጨው ላይ ተፈታ፣ ንጉሡ ባሕር ተሻገሩ፣ ጣሊያን እየመጣ ነው ተብሎ ሹማምንቱ አንድ በአንድ ሹልክ ብለዋል። ከሰሜን መጥተን እዚያ የተተከልን ቤተሰቦች ወሬ ስንለቅም እንውላለን። እዚህ ገባሩ ተነሣ፣ እዚያ ቤት ተቃጠለ ይባላል፤ ያየ ሰው ግን የለም።

ጎረቤታችን ወላይታ ነው፤ የአባቴ ገባር። አጥራችንን የሚያጥረው፣ እንጨታችንን የሚፈልጠው፣ እህሉን ተሸክሞ የሚያስገባው እሱ ነበር። እናቴ ታማ ወተቷ ሲደርቅ ደግሞ ከልጇ ጋር እኩል ያጠባችኝ ሚስቱ ናት። ቋንቋቸውንም ያገኘሁት ከዚያው ቤት ነው። ታዲያ እቤታችን አንዲት ቃል ካመለጠችኝ እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ፣ «ይሄን አፍሽን በበርበሬ ነው የማጥብልሽ!» ትለኛለች። አባቴ ሃያ ዓመት እዚያ አገር ኖሮ ከ«ና» እና ከ«አምጣ» ያለፈ አልተማረም፤ ይኮራበትም ነበር። ሰውየው በበኩሉ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «አንተ» ነበር የሚለኝ። እስቅበታለሁ፤ ስስቅ ደስ ስለሚለው አያርመውም።

ያን ሰሞን ሳቁም ሌላ ሆነ። ሲስቅ ምን አስቆት? ዝም ሲል ምን ዶልቶ? ወተት ከላኩ ምን ጨምረውበት ይሆን፣ ሳይልኩ ከቀሩ አላልኳችሁም! እኔም በሚስቱ ጡት ያደግኩት ልጅ ከአጥሩ ሥር ተለጥፌ እጁን አይ ነበር። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ያስፈራን የእሱ ቢላ አልነበረም። ያደረግንበትን እናውቃለን፤ በእሱ ቦታ ብንሆን እኛ ምን እንደምናደርግም እናውቃለን።

እናቴ «የፈሩት ይደርሳል» እያለች ታማትባለች። አባቴ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ብሎ ወጨፎ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደና ይወለውል ጀመር።

አንድ የክረምት ጠዋት ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ አጥራችንን ሳይቀር ዋጠው። ከታች ከመንገዱ በኩል የብዙ ሰው ጫጫታና የውሻ ጩኸት ይሰማል። ወዲያው አጥሩ ተንኮሻኮሸ፤ ከወዲያ ማዶ የጎረቤታችን ድምፅ መጣ።

«ጊዶ ጌላ! ጊዶ ጌላ!»

«ሰሙት?» አለች እናቴ አባቴን። «ግደል እኮ ነው የሚለው! ግደል!»

ወደ ውስጥ ግባ ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ሚስቱ ከደጃፏ ቆማ ስንት ቀን እንዲሁ ብላ ወደ ቤቷ ጠርታኛለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ጭኔ ከአሁኑ ቆጠቆጠኝ። ደግሞ ያ ጥርጣሬ፣ ከቤት ሊያስወጣን ቢሆንስ? አለኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። አባቴ ወደ ድምፁ ተኮሰ።

አጥሩን ጥሳ የገባችው ሚስቱ ነበረች። እናቴን በነጠላዋ፣ እኔን በእጄ ጎትታ ወደ ቤቷ አስገባችን። አባቴ ወጨፎውን እንደያዘ ተከተለን። ጉሙን ተገን አድርገው የመጡት ዘራፊዎች ነበሩ፤ የማን ወገን እንደሆኑ እስከ ዛሬ በእርግጥ የነገረኝ የለም። ቤታችንን ጠርገው እስኪሄዱ ድረስ እኛ ከጎረቤታችን ከብቶች መሀል ድምፃችንን አጥፍተን ተቀመጥን። ሰውየው አጠገባችን ቁርበት ላይ ተጋድሟል፤ ቀኝ ትከሻውን ጥይት በስቶታል። እንዳያቃስት ጨርቅ ነክሷል። ያ እጁ ከዚያ ወዲያ ቢላ አላነሣም።

ጫጫታው ሲርቅ አባቴ፣ «ግደል ስትል ሰማሁህ እኮ» አለው።

ሰውየው የሚያየው እኔን ነበር። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። በቋንቋቸው «ጌላ» የሚባለው ለአንድ ሰው ነው፤ ለብዙ ሰው ቢሆን «ጌሊቴ» ይል ነበር። የጠራው አባቴን አልነበረም። ከቤታችን ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እኔ።

ጨርቁን ከአፉ አወጣና በዚያው በቋንቋው፣ አልሰማሽኝም ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ አፍ አፌን ታያለች። በአማርኛ መለስኩለት።

«አልገባኝም።»

ከዚያ ቀን በኋላ በቋንቋው አናግሮኝ አያውቅም። «አንተ» ማለቱንም ተወ። «እርስዎ» ይለኝ ጀመር።