የላስቲኩ ቤት ቀዳዳ

አባቴ ከታመመ ወዲህ ከአጠገቡ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ በረደኝ ብሎ የመኝታ ቤቱን መስኮት በላስቲክ አስወጠረኝ። አሶሳ ላይ፣ በመጋቢት ሙቀት! ረፋድ ላይ ላስቲኩ ሲግል የሸተተኝ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ጓሯችን ውስጥ ቀርከሃ አቁሞ፣ ላስቲክ አልብሶ የቲማቲም ችግኝ ያፈላ ነበር። ክረምት ሲገባ የላስቲኩ ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። እኔን ውስጥ አስገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ጣቴን አሾልኬ ሳሳየው እሱ ከውጭ ይለጥፋል። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ላቤ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ የእርጥቡ አፈር እንፋሎት ትንፋሽ ያሳጥረኛል።

"ሌላስ?" ይላል።

ጎረቤታችን ሐጂ፣ የቀርከሃ ግድግዳ የሚሠሩ የበርታ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አዩን።

"መምህር፣ የእኛ ቤት ቀዳዳ ብዙ ነው። ዝናብ ይገባል፣ ይወጣል። ያንተ ሙቀት በየት ይወጣል?"

አባቴ ሳቀ። "ችግኝ የሚገድለው ብርድ ነው፣ ሐጂ።"

ያን ቀን ጥግ ላይ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ አገኘሁ። አፌን አስጠግቼ አየር ሳብኩ።

"ሌላስ?"

"የለም፣ አባዬ።"

በሳምንቱ ችግኙ ተቀቅሎ አለቀ። የተረፈችው ከቀዳዳዬ ሥር የነበረችው አንዷ ብቻ ነበረች። አባቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አሁን ከአልጋው ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

"ሌላስ?"

ግድግዳውን ዞሬ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ።

"የለም፣ አባዬ።"

ዛሬ አልዋሸሁም።