የፈላው የግመል ወተት

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሬዲዮ ስሰማ፣ አንድ ሐኪም ስለ አንጀታችን ባክቴሪያዎች ያወራሉ። መቅኒ የተተካለት ሰው እንዲያገግም እነሱም ድርሻ አላቸው አሉ። ብቻዬን ሳቅሁ። ትዝ ያለችኝ ጎረቤታችን እትዬ ሐሊማ ናት።

ወጣት ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜን ሳሚን የደም ካንሰር ያዘውና ህንድ ወስደን የእኔ መቅኒ ተሰጠው። ወደ ድሬ ስንመለስ ዛፎቹ አብበው የከዚራ መንገድ ቀልቷል፤ እሱ ግን አጥንትና ቆዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያከሙት ሐኪም አጥብቀው አስጠንቅቀውናል። መድኃኒቱ የአንጀቱን ባክቴሪያ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ጠርጎታል፤ አዲሱ መቅኒ ገና አልጠነከረም፤ ያልፈላ ወተት ሊገድለው ይችላል። ሳሚ ደግሞ ሩዙንም ሾርባውንም ሲያይ ፊቱን ያዞራል። መቅኒዬን ሰጥቼ አትርፌው በረሃብ ላጣው ነው እያልኩ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

እትዬ ሐሊማ እንደ ልማዷ ለበሽተኛ መጠየቂያ የግመል ወተት ይዛ መጣች። ሳሚ የታጠነው የወተት ዕቃ የጢስ ሽታ ሲደርሰው ከትራሱ ቀና አለ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩባት።

«እትዬ፣ ካልፈላ አይጠጣም።»

«አባዮ፣ እህቴ፣ አብደሻል? የግመል ወተት እሳት ካየ ግመሏ ትነጥፋለች!»

ቀልዷን አልነበረም። በሁርሶ በኩል ወንድሟ የሚያረባቸው ግመሎች ነበሯት፤ ቤቷ የሚኖረው በእነሱ ወተት ነው።

«ሆዱ አሁን ዘበኛ የሌለው ቤት ነው» አልኳት። «የገባው ሁሉ ይዘርፈዋል።»

ሳሚን አየችው። ክሳቱ አንጀቷን በላው መሰለኝ፤ ወተቷን ይዛ ወጣች። ተቀየመችን ብዬ ነበር። ብዙ ሳትቆይ ግን የሚተን ድስት በሻሿ ይዛ ተመለሰች።

«ወላሂ፣ ለወንድሜ እንዳትነግሪ! ዋርያ፣ አንተ ጠጣ!»

እስኪበርድለት እንኳን መታገስ አቃተው። ጠጥቶ ድገሚኝ አለ፤ በማግስቱ ሩዝም ቀመሰ። ግመሎቹም አልነጠፉም።

ሳሚ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ጎልማሳ ነው፤ የፈለገውን ብላ ከተባለም ቆየ። የሬዲዮው ሐኪም ስለ ባክቴሪያዎቹ ያሉት እውነት ይሆናል። እኔ ግን ለወንድሜ ብላ በግመሎቿ የጨከነችውን ሴት ነው የምወዳት። ሬዲዮውን ሳልዘጋ እሷው ራሷ ድስቷን ይዛ፣ እያነከሰች ደረጃውን ወጣች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ድኛለሁ» አላት ሳሚ ከቤት ወደ በረንዳው ወጥቶ። «ለምን ዛሬም ታፈያለሽ?»

«አንተ ድነሃል» አለችው እየቀዳችለት። «እኔ ከያኔው ድንጋጤ ገና ነኝ።»