በጆሮ የተጠበቀው ወይን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ወንድሜ መቀስ ሰጠኝና ከአንድ የወይን ግንድ ፊት አቆመኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር።

«በየቅርንጫፉ ሁለት ዓይን አስቀርተህ ሌላውን ቁረጥ» አለኝ። ዓይን የሚለው እምቡጡን ነው። ቅርንጫፉ ከክንዴ ይረዝማል። እጄ አልታዘዘኝም።

«ምነው ቆምክ?»

«አያ፣ ይሄን ሁሉ ቆርጠን ምን ሊቀር ነው?»

«ፍሬው። ቁረጥ፤ እንደ በግ አይጮህብህም።»

ስሙ መልካሙ ነው። ነበር ማለት አሁንም ይከብደኛል።

አያ መልካሙ ከማግባቱ በፊት ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ በአንድ ትልቅ የወይን እርሻ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሠርቷል። ሚስቱ እታለም ደግሞ ላሊበላ ከተማ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥብ ነበር። እንግዶች እዚሁ አካባቢ የተሠራ ወይን ጠጅ ሲጠይቁና አስተናጋጁ የለም ሲላቸው ትሰማለች። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት።

«አንተ ተክሉን ታውቃለህ፤ እኔ ጠማቂ ነኝ። ምን ይጎድለናል?» አለችው። ብዙ ነገር ይጎድላቸው ነበር።

አያ ወደዚያ እርሻ ተመልሶ ቅርንጫፎች ለምኖ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በአውቶቡስ አመጣቸው። ከላይ የተጫነው ጆንያ ሲያንጠባጥብ፣ ከሥር የተቀመጡ ሴትዮ «አንተ፣ ሥጋ ነው እንዴ የጫንከው?» ብለው እንደተቆጡት እያወራ ይስቅ ነበር።

ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ከሚወስደው መንገድ በታች፣ ከአባታችን በቀረልን ቁልቁለት ላይ እርከን ሠርተው ተከሉት። ጎረቤት ይመጣና «ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ነው?» ይላል። «ለወይን ጠጅም ነው» ሲሉት፣ «ጤፍ በሚያበቅል መሬት!» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ምርት እታለም እንደ ጠላ አሰናዳችው። ጋኑን አጥባ በወይራ አጠነችው። ሳይታጠን መጥመቅ ለእሷ ነውር ነው። ሲደርስ በጠርሙስ ይዘን ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወሰድንላቸው። አሸተቱ። ቀመሱ።

«እታለም፣ ይሄ ወይን ጠጅ ነው ወይስ ወይን የገባበት ጠላ?»

«ጠላዬን ያወድሱልኝ ነበር እኮ!»

«አሁንም አወድሰዋለሁ። ለእንግዳ ግን ወይን ጠጅ ብዬ አላቀርበውም። ጭሱን አጥፉልኝና ለሚመጣው ገና አምጡ፤ እገዛችኋለሁ።»

እታለም እስከ ቤት ድረስ ብቻዋን ከፊት ከፊት ሄደች። በር ላይ ስንደርስ አያ «መቼም ጋኑ ንጹሕ ነበር» አለ። እታለም ሳትወድ ሳቀች።

በዓመቱ ጋኑን ትተን በርሜል ገዛን፤ በፈላ ውኃ ብቻ አጠብነው። ፍሬው የደረሰው ኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ለቅመን፣ ረግጠን፣ ከነልጣጩ ሦስት በርሜል ሞላን።

ወይን ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ይወጣና ይጋገራል። አያ ቆብ ይለዋል። ቆቡ ከደረቀ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ በእንጨት ማማሰያ ወደ ታች ማጥለቅ ያስፈልጋል።

ሙያው ቶሎ ቶሎ መቅመስንም ይጠይቃል። አያና እታለም ግን በጾም መጠጥ የሚባል በአፋቸው አይዞርም። ስለዚህ አያ ጆሮውን በርሜሉ ላይ ይለጥፋል። «አፌ ይጾማል፤ ጆሮዬ ግን አይጾምም» ይላል። እኔንም አለማመደኝ።

«ምን ይላል?»

«ይንሾካሾካል።»

«እንግዲያው ተወው፣ ወሬውን ይጨርስ።»

ወይኑ ወሬውን ሳይጨርስ አያ ታመመ። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሊወስዱት መኪና ውስጥ ስናስገባው እጄን ያዘና «ቆቡን» አለኝ። እታለም ልታስታምመው አብራው ሄደች፤ እኔ ከበርሜሎቹ ጋር ቀረሁ።

አስከሬኑ መጣ።

ከቀብር በኋላ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ማማሰያውን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። የሣልስቱ ዕለት ረፋድ ላይ ወደ ጓዳ ስገባ ሽታው ተለውጧል። ቆቡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም አልሰማሁም። ደርሶ ይሁን ሞቶ ለይቼ አላወቅሁም። ተመልሼ ለእታለም በጆሮዋ ነገርኳት። መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች።

የአባታችን እህት እማሆይ የጓዳው በር ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው? የባልሽ አፈር ሳይደርቅ ጥንስስ ልታማስዪ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«የሱ ነው፣ እማሆይ። ሳይቀምሰው ነው የሄደው» አለች። አልፋቸው ገባች።

እማሆይ እየተቆጡ ተከተሉን። እታለም የደረቀውን ገፍፋ ጣለች፤ የቀረውን በማማሰያው አጠለቀችው። እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት በጠላ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ቁጣቸውን ሳይጨርሱ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እስቲ ዝም በሉ!» አሉ፤ ከእሳቸው ሌላ የተናገረ አልነበረም። ቆዩ።

«ይሄማ ነፍስ አለው።»

እታለም በርሜሉን አቅፋ አለቀሰች። እማሆይ ማማሰያውን ከእጇ ወሰዱ።

«አንቺ አልቅሺ። እኔ ይዤዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ እማሆይ ጠዋት ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ጎራ እያሉ ያዳምጡት ነበር። አንዱ በርሜል ኮመጠጠ። ሁለቱ ተረፉ።

የገና በዓል ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እቤት ድረስ መጡ። እታለም በጥቁር ልብሷ ቀዳችላቸው። ቀመሱና ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ገና ጥሬ ነው። ጭሱ ግን የለም።»

«የለም» አለች።

«መልካሙ ቀምሶት ነበር?»

«አልቀመሰውም። ሰምቶታል።»

እንዳሉትም ገዙን።

እታለም ሥራውን አልተወችም። ዘንድሮ ወይኑን የምገርዘው እኔ ነኝ። ሁለት ዓይን አስቀርቼ ሌላውን እቆርጣለሁ። እጄ አሁንም ቆም ይላል።

በአካባቢያችን ወይን ለመትከል ያሰቡ ወጣቶች እየመጡ ይጠይቁኛል። ስለ መሬቱና ስለ ውኃው የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ የምላቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ ፍሬው አንዴ ከተረገጠ ቤት ውስጥ የመጣው ቢመጣ ቆቡን የሚያጠልቅ ሰው አይጥፋ።